የረሳኋት «ሁ»

መጀመሪያ ያየሁት ወለሉን ነው። ቀና ብዬ ለማየት አቅም አልነበረኝም። ንጣፉ ሸክላ ነው፤ አንዳንዱ ተነቅሎ ከሥሩ አሸዋ ይታያል። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ቤት ስጠርግ ስለኖርኩ ወለል ሳይ ስንት ባልዲ ውሃ እንደሚፈጅ መገመት ልማዴ ነው። ለዚህ ሁለት ይበቃዋል አልኩ በሆዴ። በሩ ከኋላዬ የተዘጋው ከዚያ በኋላ ነው። ያኔ ካለሁበት ቁጭ አልኩ።

ክፍሉ ድሮ የዕቃ ማስቀመጫ ይመስለኛል። አንድ መስኮት አለው፤ ከሰው ቁመት በላይ፣ በሽቦ የታጠረ፣ ወደ ግቢው የሚያይ። አንድ ጥግ ላይ ቢጫ ጀሪካንና የቆርቆሮ ኩባያ። ሌላው ጥግ ላይ ባልዲ፤ የሱን ነገር አላወራም። ግድግዳውን ተደግፋ አንዲት ሱዳናዊት ተቀምጣለች፤ ወፍራም፣ በዕድሜ ከኔ ትንሽ ከፍ የምትል። ዐማራት በሚባለው የካርቱም ሰፈር መንገድ ዳር ሻይ ሻጭ ናት። ሰልፍ የሚወጡ ተማሪዎች እሷ ዘንድ እየተቀመጡ ሻይ ስለሚጠጡ፣ ስማቸውን ተናገሪ ተብላ ከመጣች አሥራ ሁለት ቀኗ ነበር። «ሻይ የሚጠጣ ሰው ስሙን አይነግረኝም፤ የሚነግረኝ ስንት ማንኪያ ስኳር እንደሚፈልግ ነው» ብላ መለሰችላቸውና በጥፊ መቷት። ይህን ስትነግረኝ ትስቅ ነበር። ጉንጯ ግን ገና እንዳበጠ ነበር።

ያኔ ካርቱም ውስጥ ሰልፍ የበዛበት ጊዜ ነው። ድልድዩ ይዘጋል፣ ጎማ ይቃጠላል፣ ጠዋት የሄድሽበት መንገድ ከሰዓት የለም። እኔ ዐማራት አንድ ቤት እሠራለሁ፤ ማደሪያችን ሌላ ሰፈር፣ ጀብራ ነው። የዚያን ቀን ከሥራ ስመለስ የተሳፈርኩባትን ሃፍላ፣ ሚኒባሷን ማለቴ ነው፣ አስቆሟት። ከሻ ነው። ከሻ የሚሉት አፈሳውን ነው። ሐበሻ የሆነ ይውረድ ተባለ፤ ወረድን። የመኖሪያ ወረቀቴ፣ ኢቃማዬ፣ ጊዜው ካለፈ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። ያ ብቻ ቢሆን እኮ ለምደነዋል፤ ተይዘሽ ትውያለሽ፣ አሠሪሽ ትመጣለች፣ ትወጫለሽ። ቦርሳዬን ሲገለብጡት ግን ደብተሩ ወደቀ። ወታደሩ ገለጠው። የማያውቀው ፊደል ነው። በየገጹ ቁጥር ሞልቶበታል። ላስረዳው ብል አላስጨረሰኝም፤ ከሌሎቹ ለይቶ ለብቻዬ በመኪና አመጣኝ።

የደብተሩን ነገር አሁን ልንገራችሁ።

አንድ ልጅ ነው ያለኝ። ካርቱም ወለድኩት፤ አባቱ የሞተው ልጁ ገና በእግሩ ሳይሄድ ነው። እኔ ስያዝ ልጄ ሃያ አንድ ዓመቱ ነበር፤ አል-ጣኢፍ በሚባለው የካርቱም ሰፈር ያለ አንድ ጂም ያጸዳል፣ ሰዎቹ ሠርተው የበተኑትን ብረት ይለቅማል። ቀትር ላይ ጂሙ ባዶ ሲሆን ባለቤቱ እንዲሠራ ፈቅዶለታል። አግዳሚ ወንበር ላይ በጀርባው ይተኛል፤ ብረቱን ደረቱ ላይ ያወርድና ወደ ላይ ይገፋዋል። መጀመሪያ እኔን አስጠላኝ። የሰው ልጅ ያለ ደመወዝ ሸክም ይሸከማል ወይ? በኋላ ሳየው ግን ትከሻው ቀና አለ። መንገድ ላይ ሲሰድቡት አንገቱን መድፋት ተወ። ከዚያ ወዲያ አልተቃወምኩትም።

ሰባ ኪሎ ላይ ሲደርስ ቆመ። አራት ጊዜ ይገፋዋል፣ አምስተኛው ላይ ብረቱ ደረቱ ላይ ይቀራል። ከረመዳን በፊት የጀመረው እስከ ዐረፋ ድረስ ያው ነው። እልኸኛ ነው፤ በየቀኑ ይሄድና ያችኑ ሰባን ይታገላል፣ እየተበሳጨ ይመጣል። እራት አይበላም። ጂም ውስጥ የሚሠራ አንድ ትልቅ ሰው ቢያየው፣ በየቀኑ የሆነውን ጻፍ፣ ያልተጻፈ ነገር አይታረምም አለው። ልጄ የሚጽፈው ዐረብኛ ነው፤ አማርኛውን ይናገረዋል እንጂ ፊደሉን አያውቅም። እኔ ደግሞ ከሁለተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። ፊደሌ ከጄ እንዳይጠፋ ሁልጊዜ እፈራ ነበር። «አንተ ንገረኝ፣ እኔ ልጻፍልህ» አልኩት።

«ዩማ፣ አንቺ ስለ ብረት ምን ታውቂያለሽ?» ብሎ ሳቀብኝ። ዩማ ማለት እናቴ ማለት ነው፤ እንደ ሱዳን ልጆች ነው የሚጠራኝ።

«ማወቅ አያስፈልገኝም። ያልከኝን ነው የምጽፈው።»

ጠዋት ሻይ እየጠጣ የትናንቱን ይነግረኛል። እኔ ዐማራት ከምሳ በኋላ ትንሽ አረፍ ስል እጽፈዋለሁ። ለዚያ ነው ደብተሩ ከቦርሳዬ የማይለየው። አጻጻፌ እንዲህ ነበር፦ ሰኞ። ብረት አነሳ። 70። አራት ጊዜ። አምስተኛው እምቢ አለ። ሐሙስም ያው፣ ቅዳሜም ያው። አንድ ገጽ ለመሙላት ስንት ቀን ፈጅቶብኛል። እኔ ደስ ይለኝ ነበር።

ያመጡኝ ማግስት ጠዋት ጠሩኝ። ጠረጴዛ አለ፣ ከጣሪያው የሚዞር ማራገቢያ አለ። የሚጠይቀው ሰው ዩኒፎርም አልለበሰም፤ ሌሎቹ ግን ሲገባ ይነሱለታል። ከጎኑ አስተርጓሚ ተቀምጧል፤ ያገሬ ሰው ነው፣ ሠላሳ ዓመት ገደማ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ዓይኑን ከጠረጴዛው አያነሳም። «ደህና አደሩ እናቴ» አለኝ በዝግታ። በዚያ ቤት አንቱ መባል አልጠበቅሁም ነበር፤ ልቤ ትንሽ መለስ አለች።

አስተርጓሚው ደብተሩን ገለጠና አነበበ። «ሰኞ። ብረት አነሳ። ሰባ።» ወደ አለቃው ዞሮ በዐረብኛ ሲነግረው «ሻለ ሲላሕ» አለ። መሣሪያ አነሳ ማለት ነው።

ዐረብኛውን እሰማለሁ። የሰማሁት እንደ ጠብታ ውሃ አንገቴ ላይ ወረደ። በኛም አገር እኮ ያው ነው። አባቴ ብረት ነበረው። እገሌ ብረት አነሳ ከተባለ ጫካ ገባ ማለት ነው፤ ሚስቱ ማቅ ትለብሳለች። በዚህ ዕድሜዬ ይህን ሳላውቀው ቀርቼ ነው? ስጽፍ ግን አላሰብኩትም። ልጄ ሲያነሳ ነው የታየኝ።

አስተርጓሚው ቀጠለ። አራት ጊዜ፣ አምስተኛው እምቢ አለ። አለቃው አምስተኛው ማነው አለ። ለምንድነው እምቢ ያለው? አሁን የት ነው? ሐሙስም አምስተኛው እምቢ ማለቱ ሲነበብለት፣ ይህ ሰውዬ ሁለት ጊዜ እምቢ ብሎ እንዴት ዝም አላችሁት አለኝ። ሌላ ቀን ሌላ ቦታ ብሰማው ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር። ከዚያ «ቅዳሜ። አሥር ተቀነሰ» የሚለው መጣ። አለቃው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። አሥር ምን፣ ማን ቀነሳቸው አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

ስፖርት ነው ማለት እችል ነበር። ቃሉ በዐረብኛም በአማርኛም አፌ ላይ ነበር። ግን ከስፖርት ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ታየኝ፤ ማን ነው የሠራው? ለዚያ መልስ ያለኝ አንድ ስም ብቻ ነው። ያኔ የኛ ወጣት ወንዶች ሲያዙ በጭነት መኪና ወደ ድንበር ይወሰዱ ነበር፤ አንዳንዱ ድንበሩም ላይ አይደርስም። የጎረቤቴ ልጅ ከተወሰደ ስድስት ወሩ ነበር። እናቱ ጫማውን በሩ ላይ እንዳወለቀው ትታዋለች፤ ስትጠርግ ዙሪያውን ትጠርጋለች።

ጀግና አይደለሁም። የልጄ ስም ጥርሴ ድረስ መጥቶ ነበር። ከንፈሬን ነክሼ ያዝኩት፤ ደም ቀመስኩ። ደብተሩ የማነው አሉኝ፣ የኔ ነው አልኩ። ጽሕፈቱስ? የኔ። ያነሳውስ? ዝም አልኩ። አለቃው ደብተሩን ዘጋና እስከ ነገ ወዲያ አስቢበት፣ ከዚያ እኔ ዘንድ አትቆይም፣ ወደ ሌላ ቦታ ነው የምትሄጂው አለኝ። ወዴት እንደሆነ አልነገረኝም። መጠየቅም አላስፈለገኝም።

ስመለስ ለሻይ ሻጯ ሁሉንም ነገርኳት። ሰምታ ሰምታ «እንግዲህ አምስተኛው ወንድምሽ ባለጌ ነው» አለች፤ ከዚያ እጄን ያዘች። ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነበር። ልጄ ቤት ሳልገባ ሲቀር ይፈልገኛል። እየጠየቀ እዚህ በር ድረስ ይመጣል። እኔ ስሙን ብደብቅ እሱ በእግሩ መጥቶ ሊሰጣቸው ነው።

የከሰዓቱ ሶላት፣ ዐስር፣ ካለፈ በኋላ ከግቢው በኩል ድምፅ ሰማሁ። ብረት ብረትን ሲነካ ነው፤ ቋ ይላል። ከዚያ ሰው በዐረብኛ እስከ አራት ይቆጥራል፤ ዋሒድ፣ ኢትኔን፣ ተላታ፣ አርባዓ። ከዚያ ረጅም ማቃሰት፣ ከዚያ የሚወድቅ ነገር፣ ከዚያ ስድብ። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ።

ሻይ ሻጯ ዘበኛው ነው አለችኝ። ሽማግሌ ሊሆን የደረሰ፣ ሆዱ የገፋ፣ ክፉ ያልሆነ። በየቀኑ በዚህ ሰዓት ያችን ብረቱን ይታገላል፤ እኔ ከመጣሁ አምስት ብሎ ቆጥሮ አያውቅም፣ እኔ ነኝ እዚህ ሆኜ አምስት የምልለት አለች።

በሁለተኛው ቀን ያ ዘበኛ በሩን ከፈተና መጥረጊያ ሰጠኝ። «ነይ ያ ሐበሺያ፣ ግቢውን ጥረጊ።» ሻይ ሻጯን አልጠራም። ሐበሻ ከሆንሽ መጥረጊያ የትም ይጠብቅሻል፤ እስር ቤትም ገብተሽ። ግን ፀሐይ አየሁ፤ አልከፋኝም።

ግድግዳው ሥር ወንበር አለ፣ ከሣንቃ የተሠራ። ብረቱ የውሃ ቧንቧ ነው፤ ሁለት ጫፉ ላይ የዱቄት ወተት ጣሳ በሲሚንቶ ተሞልቶ ተገጥሞበታል። ዘበኛው ሸሚዙን አውልቆ በካኔቴራ ተኛ። እኔ ራቅ ብዬ እጠርጋለሁ፤ እያየሁት ግን ነው። ልጄ ሲነግረኝ እንደጻፍኩት አልነበረም። እግሩ መሬት አይረግጥም፣ ይወራጫል። ብረቱን አያወርደውም፣ ይጥለዋል፤ ደረቱ ላይ ያነጥረዋል። አራት አለ። አምስተኛው ላይ ክንዱ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ቧንቧው አዘነበለና ወደ ጉሮሮው ተንሸራተተ። ድምፅ አላወጣም። ፊቱ ጠቆረ።

ግቢው ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። መጥረጊያዬን ጥዬ ሮጥኩ። እስኪሞት ልጠብቅ የሚል ሐሳብ አልመጣብኝም፤ እውነቱን ነው የምለው፣ ጊዜም አልነበረኝም። በራሱ በኩል ቆሜ ሁለት ሁለት ጣቴን ከቧንቧው ሥር አስገባሁ። ልጄ የነገረኝ እንዲያ ነው፤ የሚረዳ ሰው አይሸከምለትም፣ መንገዱን ብቻ ያሳየዋል። «ግፋ» አልኩት። ገፋ። ወጣ።

ቁጭ ብሎ ብዙ ሳለ። አላመሰገነኝም፤ አፍሯል። ቆይቶ ይህን የት ተማርሽ አለኝ። የምሠራበት ቤት ብዬ ዋሸሁ። መጥረጊያዬን አንስቼ ልሄድ ስል፣ አራት ላይ ከቆመ ስንት ጊዜው እንደሆነ ጠየቅሁት። ዓመት ሊሆነው ነው አለ።

እንግዲህ ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ነገርኩት። ብረት እንደ አህያ ነው አልኩት። እልህ ስትጋባው አራት እግሩን ተክሎ ይቆማል። ጭነቱን ቀንስለት፣ ትንሽ ወደ ኋላ መልሰህ ምራው፣ ከዚያ የቆመባትን ቦታ ሳያውቃት ያልፋታል። አሥር ቀንስ። ስታወርደው እንደ እንቁላል ቀስ ብለህ አውርድ፤ ደረትህ ላይ ሁለት እስክትቆጥር አሳርፈው፤ ከዚያ ግፋ። እግርህ መሬቱን ይርገጥ። በየቀኑ አይደለም፤ አንድ ቀን ሠርተህ አንድ ቀን እረፍ፣ ክንድም እንደ እርሻ መሬት ጾም ማደር ይፈልጋል። ልጄ የጂሙ ትልቅ ሰው መክሮት ይህን ካደረገ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር፤ በደብተሩ «አሥር ተቀነሰ» የሚለው ያ ነው። የመጨረሻውን ገና አላየሁም። የልጄን ነገር ግን አልነገርኩትም።

ዘበኛው ጣሳዎቹን አያቸው። ከዚያ እኔን አየኝ። «ያ ደብተርሽ ውስጥ አሥር ተቀነሰ የሚለው» አለና ቆመ። ስለ ደብተሩ ግቢው ሁሉ ሰምቷል ማለት ነው። መጥረግ ቀጠልኩ።

በሦስተኛው ቀን ስጠራ ዘበኛው በሩ አጠገብ ቆሟል። አለቃው ደብተሩን ከፊቱ ዘርግቷል። ይህ ዘበኛ የስፖርት ደብተር ነው ይለኛል፣ እውነት ነው ወይ አለኝ። ነው አልኩ። ታዲያ ስፖርተኛው ማነው?

ሌሊቱን ሳስበው ያደርኩት መልስ ነበረኝ። ቀን ሲሆን ደካማ መሰለኝ፤ ሌላ ግን አልነበረኝም። «እኔ ነኝ» አልኩ።

ሳቁ። አለቃውም ሳቀ። ሰባ ኪሎ አንቺ አለኝ። ኪሎ አይደለም፣ ረጥል ነው አልኩት። ረጥል የወተት መለኪያ ነው፤ ከግማሽ ኪሎም ያንሳል። ሃያ ሁለት ዓመት ምንጣፍ ያራገፍኩበትን ክንዴን እጅጌዬን ሰብስቤ አሳየሁት። ዘበኛው ከበሩ ሆኖ ሰባ ረጥል ለዚህ ክንድ ምንም አይደለም አለ።

አለቃው መሳቁን ተወ። አስተርጓሚውን ጽሑፉ ምን ይላል፣ እሷ ነች የሚለው ወይስ ሌላ ሰው ብሎ ጠየቀው።

አስተርጓሚው ደብተሩን ወደራሱ ሳበ። «አነሳ ነው የሚለው እናቴ» አለኝ። «አነሳ የወንድ ነው። ሌላ ሰው ነው።»

«አነሳሁ ለማለት ነው» አልኩት። «ሁ ረስቼ ነው።»

«በሁሉም ገጽ ላይ?»

«ከሁለተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት ልጄ። ሁ ታስቸግረኛለች።»

ቀና ብሎ ያየኝ ያኔ ነው። በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ። አማርኛ የአፍ መፍቻው የሆነ ሰው እንዲህ እንደማይሳሳት እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። አንድ የሁለት ዓመት ሕፃን እንኳ በላሁ ለማለት በላ አይልም። ያንን ውሸት በዚያ ክፍል ውስጥ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ማራገቢያው ይዞራል። እሱም እናት አለችው መሰለኝ፤ ወይም ደክሞታል። የትኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ወደ አለቃው ዞረና በዐረብኛ፣ መሃይም ናት፣ ፊደል ትገድፋለች፣ አንድ ፊደል ሲጨመርበት እኔ አነሳሁ ይሆናል፣ ብረትም ቢሆን በአማርኛ መሣሪያ ብቻ ሳይሆን ሐዲድ፣ ተራው ብረት፣ ማለትም ነው አለ።

አለቃው ትንሽ አሰበ። ከዚያ እንግዲያው ታንሳ አለ።

ወደ ግቢው አወጡኝ። አምስት ስድስት ወንዶች ተሰበሰቡ። ወንበሩን ሳየው ከብረቱ ይልቅ በጀርባዬ መተኛቱ ከበደኝ። ያባቴ ልጅ፣ ሶላት የምሰግድ ሴት፣ በወንዶች ፊት በጀርባዬ ልጋደም። ሻይ ሻጯ ትምጣልኝ አልኩ። አለቃው ለምን አለ። «እግሬን ትሸፍንልኛለች» አልኩት። ድምፄ ቀጥ ብሎ ወጣ፤ ራሴም ገረመኝ። ዘበኛው ትእዛዝ ሳይጠብቅ ሄዶ አመጣት። እሷም ተውቧን፣ የምትጠመጠምበትን ረጅም ጨርቅ፣ ከትከሻዋ አውርዳ ከወገቤ እስከ እግሬ ጣት ሸፈነችኝና ከፊቴ እንደ ግድግዳ ቆመች። «እንግዲህ አምስተኛው እሺ ይበል» አለች በጆሮዬ።

ዘበኛው ጣሳዎቹን ቀያየረ። ስንት እንዳደረገው አልነገረኝም። በራሴ በኩል ቆመ። እግሬን መሬት ላይ ተከልኩ። ትከሻዬን ወደ ኋላ ሰበሰብኩ። የጻፍኩትን አንድ በአንድ አደረግሁ፤ ልጄ ጠዋት ሻይ እየጠጣ ሲነግረኝ ድምፁ ይሰማኝ ነበር። አንድ። ሁለት። ሦስት ላይ ክንዴ ነደደ። አራት። አምስተኛውን ደረቴ ላይ አሳርፌ ሁለት ቆጠርኩ። ስገፋው አልሄደም። ግማሽ ላይ ቆመ። ሰማዩ ነጭ ነው፤ የዘበኛው አገጭ ይታየኛል፤ ያንን መስኮት ከውጭ አየሁት፣ ከውጭ ትንሽ ነው። ያን ጊዜ ከቧንቧው ሥር ሁለት ጣት ያየሁ መሰለኝ። ከሻይ ሻጯ ጀርባ ያሉት ሊያዩት አይችሉም። ወጣ። እሱ ይሁን እኔ፣ አላህ ያውቃል።

ማንም አላጨበጨበም። አለቃው ሰዓቱን አይቶ ወደ ውስጥ ገባ።

መልቀቂያ ወረቀት አዘጋጁ። ደብተሩን ሊመልሱልኝ ሲሉ አለቃው እጁን ጫነበት። ስህተት ያለበት ወረቀት ከዚህ አይወጣም አለ፤ ቀልዱን ይሁን ምሩን አልገባኝም። ላርመው አልኩት። ከጠረጴዛው ላይ ቀይ እስክሪብቶ ሰጠኝ።

ተቀምጬ አረምኩ። ሰኞ። ብረት አነሳ፤ ሁ። ሐሙስ። ብረት አነሳ፤ ሁ። ክንዴ ከብረቱ ገና ይንቀጠቀጥ ስለነበር ፊደሏ ጠማማ ሆነች። አልቸኮልኩም። አቁመው አስጠበቁኝ ሦስት ቀን፤ እኔም አስጠበቅኋቸው። በመሐል አንድ ገጽ ላይ ስደርስ እጄ ደረቀ። «ጓደኛው ደረሰለት» ይላል። ልጄ አንድ ቀን ብረቱ ሲጫነው ጓደኛው ያዘለት፤ እሱን ነው የጻፍኩት። ይህችን ሁ አታድናትም። አስተርጓሚው ከጎኔ ቆሞ ያነብ ነበር። አንዴ ሳል አለ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ገጹን ገለጠልኝ። «እዚህ ላይ ደግሞ አንዲት ሁ አለች፣ እናቴ» አለኝ፤ «እቺንም አይርሷት።»

መጨረሻ ላይ የጣት ቀለም አቀረቡልኝ። አልፈልግም አልኩ። በቀዩ እስክሪብቶ ስሜን ከነአባቴ ጻፍኩ። የትኛውም ፊደል አልጎደለበትም። አለቃው አማርኛ ማንበብ ስለማይችል አላወቀም፤ አስተርጓሚው ግን አወቀ። ዘበኛው በሩን ሲከፍትልኝ «በሰላም ያ ኡኽቲ» አለኝ፤ እኅቴ ማለቱ ነው። ሻይ ሻጯን ሳልሰናበት ነው የወጣሁት። ተውቧን እንኳ አልመለስኩላትም፤ ወገቤ ላይ ታስሮ መንገድ ላይ ነው ያየሁት። የሷ መጨረሻ ምን እንደሆነ ስጠይቅ ኖሬ አላገኘሁም።

ልጄ በየቀኑ ሊመጣ ተነስቶ ነበር። የጂሙ ትልቅ ሰው ነው ቤቱ ዘግቶ የያዘው። ሲያየኝ አላለቀሰም፤ ሻይ ቀዳልኝ። ትንሽ ቆይቶ አምስተኛው እሺ አለ ዩማ አለኝ። እኔ የተያዝኩ ዕለት ቀትር ላይ ነው የገፋው። ሊነግረኝ ሲጠብቅ እኔ አልመጣሁም። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ብረት አልነካም።

ኋላ ጦርነቱ መጣ። ካርቱምን ትተን ወጣን፣ ዞረን ዞረን እንደገና ጀብራ ገባን። ጂሙ ባዶ ግድግዳ ሆኗል፤ ብረቱን እንኳ ጭነው ወስደውታል። ልጄ የዱቄት ጆንያ ከመኪና ያራግፋል። እኔ ወገቤ ደክሟል፤ መኪና ሲቆም ዛሬም ልቤ ይቆማል። ደብተሩን ግን በየሄድንበት በደረቴ ይዤው ነበር።

በቅርቡ ልጄ ፊደል አስተምሪኝ አለኝ። ማታ ማታ ሳይሆን ጠዋት ሻይ ላይ ነው የምንማረው፣ እንደ ድሮው። ሌላ መጽሐፍ ስለሌለን በዚያው ደብተር አስተማርኩት። በጣቱ እየተከተለ አነበበ፤ ብ፣ ረ፣ ት። አ፣ ነ፣ ሳ። ሁ ላይ ሲደርስ ጣቱን አቆመ።

«ይቺ ለምን ቀይ ሆነች?»

የዚያን ቀን ያደረግሁትን ነግሬው አላውቅም። ብነግረው ትከሻው መልሶ ይጎብጥብኛል ብዬ ፈርቼ ነው።

«ረስቻት ነበር» አልኩት። «በኋላ ጨመርኳት።»